ጥርሱ የታመመው ጅብ

ስማቸው በቢቸና ጤና ጣቢያ ቁስል የሚያጥብ፣ ጥርስም የሚነቅል ድሬሰር ነበር። በ1973 ዓ.ም. መስከረም ላይ ወደ ሞጣ ተዛወረ። ቤት እስኪያገኝ ድረስ ባለቤቱ ይርገዱና ሁለቱ ሴቶች ልጆቹ፣ የስድስት ዓመቷ አገሬና የአራት ዓመቷ በዛብሽ፣ ቢቸና ቀሩ።

ልጆቹን ከሁሉ በላይ የጎዳቸው የንባቡ መቅረት ነው። ወለተ ሐና የምትባል ደራሲ ለሕፃናት የምትጽፋቸው፣ ሥዕል የበዛባቸው ቀጫጭን መጻሕፍት ነበሩ። ስማቸው አራቱን ገዝቶላቸዋል። ከሥራ ሲመለስ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ያነብላቸው ነበር። ይርገዱ ግን ፊደል አልቆጠረችም።

እሱ በሄደ በሳምንቱ አገሬ አንዱን መጽሐፍ አምጥታ እናቷ ጭን ላይ አስቀመጠችው። ይርገዱ ሥዕሉን እያየች ከራሷ እየፈጠረች ማውራት ጀመረች።

«እማዬ፣ እንዲህ አይልም» አለች አገሬ። «ጦጣዋ እዚህ ጋ ገና ከዛፉ አልወረደችም።»

ይርገዱ መጽሐፉን ከድና፣ «ሽሮው እንዳያርብኝ» ብላ ተነሣች። እሳት ላይ የተጣደ ሽሮ አልነበረም።

በቀበሌው አዳራሽ መሠረተ ትምህርት ይሰጥ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ይርገዱ የምትሄደው ቀሪ እንዳትባል ብቻ ነው፤ ከኋላ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። በማግስቱ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«እትዬ ይርገዱ፣ ዛሬ ምን ተገኘ?» አላት ወጣቱ አስተማሪ።

«ልጄ አረመችኝ» አለችው።

ጥር ላይ ስማቸው በአውቶቡስ በሚመጣ ሰው እጅ አዲስ የወለተ ሐናን መጽሐፍ ላከ። ጥርሱ ስለታመመ ጅብ የሚናገር ነው። ከቤቱ ማንም ሰምቶት ስለማያውቅ በቃል የሚታወስ ነገር አልነበረውም። ይርገዱ ጣቷን ከፊደሉ ሥር እየጎተተች ጀመረችው። አንዱን ዐረፍተ ነገር እስክትጨርስ ልጆቹ መጠበቁ ሰለቻቸው። በዛብሽ ተነሥታ ጉንጯን ይዛ እንደ ጅብ ታለቅስ ጀመር። አገሬም ጥርሱን ልትነቅል የመጣችው ሚዳቋ ሆነች። እናታቸው ቀጣዩን መስመር እስክትፈታ እነሱ ያለፈውን ይጫወቱታል። ከካርቶን የጅብ ጆሮ ቆረጡ፤ የጥርስ መንቀያ ገመድ ከጓዳ ተገኘ። መጽሐፉ በሦስት ቀን አለቀ። ወዲያው አራቱን አሮጌዎች እንደ አዲስ ጀመሯቸው።

ለፋሲካ ስማቸው መጣ። አገሬ የጅቡን መጽሐፍ ሰጠችው። እሱም እንደ ልማዱ አንዱን ገጽ በአንድ ትንፋሽ አንበለበለው።

«አባዬ፣ ትፈጥናለህ።»

«ታዲያ ምን አለበት?»

«ሚዳቋዋ ገና ገመዱን አላሰረችማ። ለእማዬ ስጣት።»

ስማቸው ወደ ሚስቱ ዞረ። ይርገዱ ፊቷ እየጋለ መጽሐፉን ተቀበለችና አነበበች። አንድ ቃል ላይ ስትደርስ ቆመች። ሊነግራት አፉን ሲከፍት በዛብሽ በትንሽ እጇ ከደነችው።

«ተዋት፣ ራሷ ታገኘዋለች።»

አገኘችው።

«በደብዳቤ ለምን አልነገርሽኝም?» አላት ስማቸው።

«ደብዳቤውን የምትጽፍልኝ ጎረቤቴ ናት። ይህን በሰው አፍ ልነግርህ አልፈለግሁም።»

በዛብሽ የካርቶኑን ጆሮ አባቷ ራስ ላይ አሰረችለት። «እኔ ዓመት ሙሉ የሰው ጥርስ ስነቅል ከርሜ!» አለና እየሳቀ ተንበርክኮ አፉን ከፈተ። ይርገዱ ማንበቧን ቀጠለች።

ሰኔ ላይ ከሞጣ ደብዳቤ መጣ። ይርገዱ ወደ ጎረቤቷ አልሄደችም። ራሷ ፖስታውን ቀድዳ ግድግዳውን ተደግፋ አነበበችው፤ ሁለት ክፍል ቤት ተገኝቷል ይላል። ረፋዱን በሙሉ ፈጀባት። ልጆቹ ፊቷ ቆመው እስክትጨርስ ጠበቁ።

«እማዬ፣ ዛሬስ ምን እንሁን?» አለች በዛብሽ።

ይርገዱ ደብዳቤውን አጠፈች። «ተሳፋሪ ሁኑ» አለቻቸው።