ስድስት ወር የሚቆይ ጎማ

መምህር ሸዋርጋና በየነ በጎባው የመንግሥት ሠራተኞች ክበብ አራት ዓመት ጥንድ ሆነው የጠረጴዛ ኳስ ተጫውተዋል። ሸዋርጋ ጂኦግራፊ ያስተምራል። በየነ ደግሞ የፈንጣጣ ክትባት ይዞ ከገሰራ እስከ ደሎ መና የሚዞር የጤና ሠራተኛ ነበር። በጥንድ ጨዋታ ኳሷ በየተራ ስለምትመታ፣ አንዱ እንደመታ ወዲያው ገለል ካላለ ሌላው መቆሚያ ያጣል። ሁለቱ እርስ በርስ ሳይጋጩ በመጫወታቸው እስከ ሮቤ ድረስ ይታወቁ ነበር።

በ1965 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ በየነ ለሥራ አዲስ አበባ ሄደ። የሸዋርጋ ራኬት ፊቱን የሚሸፍነው ጎማ አልቆ፣ ልሙጥ ሆኖ ኳስ ያሾልክ ስለነበር አዲስ እንዲያመጣለት ለምኖታል። ረቡዕ ከሰዓት በየነ በትምህርት ቤቱ ስልክ ደወለ።

«ሁለት ዓይነት ነው ያለው» አለ፤ ድምፁ አንዴ ይርቃል፣ አንዴ ይቀርባል። «የቻይናው እጅ ላይ ይለጠፋል፣ ኳሷን ይዞ ነው የሚለቃት። ባለሱቁ ግን ከስድስት ወር አያልፍም፣ አቧራ ይጠጣል ይላል። ሌላው አይለጠፍም፤ ሁለት ዓመት ይሄዳል። የቱን ላምጣ?»

«የሚለጠፈውን!»

«እሱ ከመጋዘን የሚወጣው ነገ ከሰዓት ነው። እኔ ደግሞ ነገ ጠዋት ተሳፋሪ ነኝ።»

«አንድ ቀን ብትቆይ ምን ትሆናለህ?» አለ ሸዋርጋ።

በየነ አንድ ቀን ቆየ። ዓርብ የተሳፈረበት አውቶቡስ ቅዳሜ ከአዳባ ወዲህ ጭቃ አንሸራትቶት ገደል ገባ። አራት ሰው ሞተ፤ አንዱ በየነ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ የበየነ እናት እማማ ወለተኢየሱስ ሸዋርጋን አስጠሩትና በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ሰጡት።

«ከሻንጣው ውስጥ ነው የተገኘው፤ ስምህ አለበት» አሉ። «አለቃው ሐሙስ ነው የሚነሳው ብለውኝ ነበር። ለምን እንደቆየ ለአንተ ነግሮህ ይሆን?»

«አልነገረኝም፣ እማማ።»

ቤቱ ገብቶ ጥቅሉን ፈታው። ቀዩ ጎማ በስስ ላስቲክ ተሸፍኗል፤ አንዱ ጥግ ላይ ግን ላስቲኩ ተገልጦ ተመልሷል። ከሥሩ የአውራ ጣት አሻራ ይታያል፤ መስመሩ አንድ በአንድ የሚቆጠር። በየነ ይለጠፍ እንደሆነ ሞክሮት ኖሯል። ሸዋርጋ ማስቲሹን ከፍቶ ራኬቱን ቢያዘጋጅም ጎማውን ሊነካው አልቻለም። መልሶ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ከተተው።

ወር ቆይቶ በአሮጌው ጎማ ከአሊዪ ጋር አንድ ለአንድ ሊጫወት ክበብ ሄደ። አሊዪ የሮቤ ልጅ፣ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ሸዋርጋ የመጀመሪያውን ኳስ መታና ወደ ቀኝ ገለል አለ። አሊዪ መለሰለት፤ ኳሷ ባዶው ቦታ ላይ ነጥራ ወለሉ ላይ ተንከባለለች። አሊዪ ሳቀ። ሁለተኛውም እንዲያው ሆነ። በሦስተኛው አሊዪ ራኬቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ያ ሸዋርጋ» አለው በኦሮምኛ አጠራር፤ «ለማን ነው ቦታ የምትለቀው?»

ሸዋርጋ ሆን ብሎ አልነበረም። እግሩ ነው የሚሄደው። በዚያ የጎባ ብርድ በግራ ትከሻው በኩል የሰው ትንፋሽ የመሰለ ሙቀት ይሰማዋል፤ ዞር ሲል ግድግዳው ብቻ ነው። እየቆየ ክፍል ውስጥም ሰሌዳው ላይ ጽፎ ገለል ማለት ጀመረ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ተሳሳቁ፤ በኋላ ሰሌዳውን ትተው እሱን ማየት ጀመሩ።

ነሐሴ ላይ ሣጥኑን ከፈተ። አሻራው እንዳለ ነው። ጎማው ላይ ኳስ አስቀምጦ ገለበጠው፤ ኳሷ ለአፍታ እንኳ ሳትንጠለጠል ወደቀች። ኳስ ሳይመታበት፣ ሣጥን ውስጥ እንደተቀመጠ መድረቅ ጀምሯል። ሸዋርጋ ጋቢውን ደርቦ፣ ጎማውን ይዞ በዝናብ ወደ እማማ ወለተኢየሱስ ቤት ሄደ።

«ዋሽቼዎታለሁ» አላቸው ገና በሩ ላይ። «አንድ ቀን ያስቆየሁት እኔ ነኝ። ለዚህ ጎማ ብዬ።»

እማማ ወለተኢየሱስ ጎማውን ተቀብለው ወደ መስኮቱ አስጠጉት። አሻራውን ሲያዩ ጣታቸውን ሊያሳርፉበት ቃጥተው መለሱ።

«የእሱ ነው?»

«የእሱ ነው።»

«ምን ያህል ይቆያል ይኼ?»

«ስድስት ወር ነው የተባለው። ከአሁኑ መድረቅ ጀምሯል፤ ሲደርቅ አሻራውም ይጠፋል።»

«አራት ወር ሙሉ ደብቀኸኝ፣ ሊያልቅ ሲል አመጣህልኝ?» አሉና ጎማውን ደረታቸው ላይ ይዘው ፊታቸውን አዞሩ። «ሂድ። ውጣልኝ።»

ወጣ። ተናግሬ ይቀለኛል ብሎ ነበር፤ አልቀለለውም። በመስከረም ክበብ መሄዱን አቆመ። አሊዪ አንድ ሁለቴ ቤቱ መጥቶ ቢለምነውም እምቢ አለ። በመጨረሻ ወደ ጊኒር እንዲዘዋወር አመለከተ፤ እዚያ የጠረጴዛ ኳስ እንደሌለ አጣርቷል። ፈቃዱ ኅዳር ላይ መጣ።

የሚሄድበት ቀን ማለዳ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ እማማ ወለተኢየሱስ በጭቃው መሐል ሲመጡ አያቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም። ሊወርድ ብድግ ሲል በእጃቸው «ተቀመጥ» አሉት። ወደ እሱ አልመጡም። ወደ ሾፌሩ መስኮት ሄደው ነጠላቸውን ከአፋቸው ዝቅ አደረጉ።

«የኔ ልጅ፣ መንገዱ ጭቃ ነው» አሉት። «ልጄን ይዘህብኛል፤ ቀስ ብለህ ሂድ።»

«እሺ እናቴ፣ ሐሳብ አይግባዎት» አለ ሾፌሩ፣ ማንን እንደሆነ ለማየት ወደ ኋላ እየዞረ።

ሸዋርጋ በመስኮቱ አያቸው። ዓይናቸው ወደ እሱ መቀመጫ ነበር፤ «ልጄን» ያሉት እሱን ይሁን በየነን ግን ሊያውቅ አልቻለም።