የአሥራ ሰባት ቁጥር ማኅተም

ሃያ ሁለት ዓመት በጨርቅ ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። አቡጀዲው ከሥሩ መብራት በበራበት መስታወት ላይ ሲያልፍ ዓይኔ አይስትም። እንከን የሌለው ለአንሶላ፣ ትንሽ ቋጠሮ ያለበት ለኪስ ገበር፣ ክር የዘለለውና ዘይት የነካው ደግሞ ለመግነዝ። በዚህ በመጨረሻው ላይ የሦስተኛ ደረጃ ማኅተም እመታና ከጎኑ የራሴን ቁጥር፣ አሥራ ሰባትን፣ አሳርፋለሁ። አፈር ለሚበላው ምን ምርጫ ያስፈልገዋል እል ነበር። ሥራ አዋቂ ነኝ ብዬ ነው እንግዲህ።

ባሌ ለሜሳ እዚያው ሽመና ክፍል ነበር። የሠራውን ጨርቅ ስጥልበት አይከፋውም፤ ለመግነዝ ነው ስል ግን ያኮርፋል። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣

«የማይናገር ደንበኛ ስላገኘሽ እኮ ነው፣ ጠጄ» አለኝ።

ስቄ አለፍኩት።

በ1992 ፋብሪካው ወደ ግል ሊዛወር ነው ተብሎ መጋዘኑ ሲጠረግ፣ የቆየው ጣቃ ሁሉ በርካሽ ለሱቆች ተሸጠ። እኔም ጡረታ ወጣሁ። በዓመቱ ሐምሌ ላይ ለሜሳን ሳል ጣለው፤ ሳይነሳ ቀረ።

ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ተባለ። የዕድራችን ዳኛ አቶ መገርሳ እዚሁ ሰፈራችን በሰቃ ካለ ሱቅ አቡጀዲ አስገዝተው አመጡ። ለቀስተኛው እያየኝ ተነስቼ ጨርቁን መስኮቱ ላይ ዘረጋሁት። አበደች ያለም ይኖራል። በአንድ ክንድ ውስጥ ሦስት ቦታ ክር ዘሏል። ጠርዙን ገለጥኩት፤ ሦስተኛ ደረጃ፣ ከጎኑ አሥራ ሰባት።

እፍረቱ ከኀዘኑ ቀደመኝ። ይቀየርልኝ ብዬ ለመንኩ። አቶ መገርሳ ሰው ልከው አስጠየቁ፤ በየሱቁ ያለው ያው ነው ተባለ። ሌላ ፍለጋ ሳሪስ ገበያ ደርሶ ለመመለስ ደግሞ ዝናቡም ሰዓቱም አልፈቀደም። መርፌና ክር አምጥቼ መጥቀም ጀመርኩ። ቄሱ በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። አንዱን ክፍተት እንደጨረስኩ አቶ መገርሳ ቀስ ብለው ጨርቁን ከእጄ ወሰዱት።

«ይበቃል እህቴ፤ አፈር ለሚበላው» አሉኝ።

የገዛ ቃሌ ነው። ማኅተሙ ወደ ውስጥ ይሁን ብቻ አልኳቸው፤ እንዳልኩት አደረጉ። ለቀስተኛው ያየው ንጹህ ነጭ ጨርቅ ነበር። ቁጥሬ በለሜሳ ደረት ላይ ዋለ፤ እሱም አንዲት ቃል አልተናገረኝም።