የመሳቢያው ስልክ

ስልኩ መሳቢያው ውስጥ እንደገና ነዘረ። ስልክ መላሹ የጆሮ ማዳመጫውን አጥብቆ፣ ስለ ሻንጣ ክብደት ለምትጠይቀው ደንበኛ ማስረዳቱን ቀጠለ። ስልኩ በነዘረ ቁጥር ጠረጴዛው ላይ ያሉት እስክሪብቶዎች ትንሽ ትንሽ ይንፏቀቃሉ። በመሳቢያው አፍ ላይ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ወረቀት ተለጥፏል፤ «አይከፈት» ተብሎ ተጽፎበት የድርጅቱ ጠበቃ ፈርሞበታል። ከታሸገ ሦስት ሳምንት ሆነው። መጀመሪያ ሰሞን ድምፁ ሥራ ያስፈታው ነበር፤ አሁን ግን እሱም እንደ ባልደረቦቹ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለትን ተምሯል።

ደንበኛዋን እንደ ሸኘ የራሱ ስልክ ጠራ። ሚስቱ ናት። ሚስቱ በሥራ ሰዓት አትደውልም። በትዳራቸው ስድስት ዓመት ውስጥ በሥራ ሰዓት የደወለችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዴ ቧንቧው ፈንድቶ ቤቱን ውሃ ሲሞላው፣ ሌላ ጊዜ አባቷ ያረፉ ዕለት። ልቡ ስንጥቅ አለ።

«ምን ሆንሽ?»

«እኔ ምንም አልሆንኩም። አንድ እናት ፊቴ ቆመዋል» አለች። ከኋላዋ የአውሮፕላን ማረፊያው ጫጫታ ይሰማል። «በእናንተ ትኬት ነው የመጡት። አውሮፕላኑ ከተባለው ሁለት ሰዓት ቀድሞ ሊነሳ ነው። መስኮቱን ልዘጋ አርባ ደቂቃ ቀረኝ፤ ማረጋገጫ ቁጥሩን ካላስገባሁ ደግሞ ኮምፒውተሩ አያሳልፋቸውም።»

ማረጋገጫ ቁጥሩ የት እንደሚላክ መጠየቅ አላስፈለገውም። መሳቢያው ነዘረ።

«ደረሰ አይደል? አሁን ነው የላክሁት» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሱ የሚሠራው የብዙ አየር መንገዶችን ትኬት በኢንተርኔት በሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ነው። እሷ ደግሞ ከዚሁ ድርጅት ጋር ፍርድ ቤት የቆመው አየር መንገድ መንገደኛ ተቀባይ ናት። አየር መንገዱ «ሳልፈቅድላቸው ትኬቴን እየቸረቸሩ መንገደኛዬን ይደብቁብኛል» ይላል። ድርጅቱ በበኩሉ «መንገደኛውን ካሳየኋቸው ነገ እኔን ዘለው ራሳቸው ይሸጡለታል» ባይ ነው። ስለዚህ ትኬት ሲቆርጥ፣ የመንገደኛው ስልክ በሚሞላበት ቦታ ለሁሉም ሰው አንድ ቁጥር ይሞላል፤ የመሳቢያውን ስልክ ቁጥር። አየር መንገዱ ይህን ያወቀ ዕለት፣ መንገደኛ ሁሉ በተመዘገበው ስልክ የሚላከውን ማረጋገጫ ቁጥር ካላመጣ አይሳፈርም አለ። ድርጅቱም «አንዱን ከመለስን ተሸነፍን ማለት ነው» ብሎ ስልኩን ቻርጀሩ ላይ እንደተሰካ መሳቢያውን አሸገበት። ሁለቱም እልኸኛ ናቸው፣ ሁለቱም ጠበቃ አላቸው። ጠበቃ የሌለው ሻንጣውን ይዞ የሚቆመው ሰው ነው።

ባልና ሚስቱ ለዚህ ጠብ የራሳቸውን መላ አበጅተውለት ነበር። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንዲሉ፣ እያንዳንዳቸው ለቀጣሪያቸው ወግነው እራት ላይ ሁለት ጊዜ ተኳረፉና አንድ ሕግ አወጡ፤ ጫማ በር ላይ ሲወልቅ መሥሪያ ቤትም እዚያው ይወልቃል። ሕጉ ሠርቷል። ቀልድ ሲያምራቸው እሷ «መሳቢያው» ትለዋለች፣ እሱ «ኬላዋ» ይላታል። ከዚያ አያልፍም።

«የተለመደውን ንገሪያቸው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ማመልከቻ ይሙሉ፣ ገንዘባቸው ይመለሳል…»

«ገንዘብ አልጠየቁኝም። በራሳቸው አንደበት ስማቸው።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ተሰማው።

«ሃሎ፣ ልጄ» አለ የደከመ፣ ግን የረጋ ድምፅ። «አስቸገርኳችሁ መሰለኝ።»

«ኧረ ምንም ችግር የለም፣ እናቴ። መቼ መጡ?»

«ገና ሳይነጋ ነው የመጣሁ። ሰዎቹ ምን አስቸኮለዎት አሉኝ። አውሮፕላን እንደ ጎረቤት አይጠብቅም ብዬ ነው። እንኳንም መጣሁ፤ ለካ ሰዓቱን ለውጠውታል።» ከዚያ ቀጠሉ። «ልጄ ነገ ጠዋት ልቧን ኦፕራሲዮን ልትደረግ ነው። ሐኪሙ እንግዳ ነው፤ ከነገ ወዲያ ወደ አገሩ ይሄዳል። እሷ ደግሞ እጅሽን ሳልይዝ አልገባም ብላ፣ የሚፈረመውን ወረቀት እንቢ ብላለች። ትኬቱን በስልኩ የገዛልኝ ባሏ ነው። የሚቀጥለው አውሮፕላን ከሦስት ቀን በኋላ ነው አሉኝ። ቁጥሩ አንተ ጋ አለ ትላለች ይቺ ልጅ። እውነት ነው?»

በእነዚህ ሦስት ሳምንታት «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» ያለውን ሰው ቆጥሮ አይጨርሰውም። ብዙዎቹ ጮኸውበታል፣ አንዳንዱም ሰድቦታል። እንዲህ ረጋ ብሎ እውነት ነው ወይ ያለው ግን አልነበረም። አፈረ።

«እውነት ነው፣ እናቴ። እኔ ጋ ነው» አለ።

«እንግዲያው እጠብቅሃለሁ።»

ማዳመጫውን አውልቆ ወደ ክፍል ኃላፊዋ ቢሮ ገባ። ኃላፊዋ ለነገው ችሎት የሚቀርቡትን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ያነባሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ አምና እናቱ ታመው ተኝተው ሳሉ ሳይለመኑ የሁለት ሳምንት ፈቃድ የሰጡት እሳቸው ናቸው። ቆሞ ሁሉንም ነገራቸው።

«አንድ ቁጥር ብቻ ነው» አለ። «ስድስት አኃዝ።»

«አንዱን ከከፈትን ዳኛው ሌላውን ለምን አልከፈታችሁም ይለናል» አሉ መነጽራቸውን አውልቀው። «እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ ጠበቃው ነው።»

«ዳኛው እውነቱን ነው እኮ። ለምን አልከፈትንም?»

«እኔስ እናት የለችኝም? ነገ እንቀርባለን፣ ነገሩ ይለይለታል። እስከ ነገ ብቻ ታገሥ።»

«ልጅቷ ኦፕራሲዮን የምትደረገውም ነገ ነው።»

 ኃላፊዋ መነጽራቸውን አጠለቁና ወረቀታቸው ላይ አቀረቀሩ። «አልሰማሁህም» አሉ። ፈቃድ ይሁን ክልከላ አልገባውም፤ እስኪገባውም አልጠበቀም።

ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ፈርቷል። ይህን ሥራ ያገኘው ስምንት ወር ሙሉ ደጅ ጠንቶ ነው። እጁን ወደ መሳቢያው ሲሰድ፣ አጠገቡ ያለችው ባልደረባው ማዳመጫዋን ከአንድ ጆሮዋ አነሳች።

«ኧረ ተው፤ ጠበቃው ፈርሞበታል» አለችው።

«ፊርማውን አልነካውም፤ በዳር በኩል ነው የምቀደው።»

ወረቀቱን ሳበው። ከመካከል፣ ፊርማው አጠገብ፣ ለሁለት ተቀደደ።

የስልኩ ፊት ባልተነበቡ መልእክቶች ተሞልቷል። የመጨረሻውን ከፈተና ለሚስቱ ደውሎ አነበበላት። «ሰባት፣ ዜሮ፣ ሦስት፣ ሦስት፣ አንድ፣ ስምንት።»

«ጊዜው አልፏል ይላል።»

«እንደገና ላኪው።»

ስልኩ እጁ ላይ ነዘረ። ይህ ስልክ በሰው እጅ ላይ ሲነዝር የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። አዲሱን ቁጥር ቀስ ብሎ አንድ በአንድ ነገራት። ከወዲያ የቁልፍ ሰሌዳ መነካካት፣ ቀጥሎም የማተሚያ ማሽን ድምፅ ተሰማ።

«ገባ» አለች። ከጀርባዋ የእናትየዋ ምርቃት ይንቆረቆራል፤ ግማሹ ለእሷ፣ ግማሹ ለእሱ። «ስማኝማ፣ ሌላም አለ። ለዚህ አውሮፕላን አሥራ አንድ ሰው ይጎድለኛል። የአሥራ አንዱም ስልክ አንድ ነው።»

መልእክቶቹን ወደ ኋላ ገለጠ። ከትናንት በስቲያ የተላከ አንድ ዓይነት መልእክት በአሥራ ሁለት ሰው ስም ተደርድሯል፤ «የመነሻ ሰዓትዎ ተቀይሯል»። ማንም አላነበበውም። እሱ ከዚህ ወረቀት ፊት ለፊት ተቀምጦ ምሳውን ሲበላ፣ ለአሥራ ሁለት ሰዎች የተላከው መልእክት ከጉልበቱ አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም ነበር። እናትየዋ የዳኑት ሳይነጋ በመምጣታቸው ብቻ ነው።

«ስንት ደቂቃ አለሽ?»

«ሃያ ሁለት። አምስት ልጨምርልህ እችላለሁ፤ ከዚያ ካለፈ ኬላዋ ራሷ ትባረራለች።»

የሰዎቹ እውነተኛ ስልክ በድርጅቱ መዝገብ ውስጥ ነበር። መደወል ጀመረ። የመጀመሪያው ሰው ፀጉሩን እየተስተካከለ ነበር፤ ግማሹን ተላጭቶ ተነሳ። ሁለተኛዋ መንገድ ላይ ናት፤ ሹፌሩን «ብረር» ስትለው ሰማት። ሦስተኛው «እናንተ አጭበርባሪዎች አትሰለቹም?» ብሎ ዘጋበት። መልሶ ደወለና የትኬቱን ቁጥር ሲነግረው ድምፁ ተለወጠ። አራተኛው ላይ ሳለ ባልደረባው ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች።

«እኔ ከታች ልጀምር?» አለች። ዝርዝሩን ከፍሎ ሰጣት።

ሰባቱን አገኟቸው፤ የሰባቱንም ማረጋገጫ ቁጥር ከመሳቢያው ስልክ እያነበበ ለሚስቱ ነገራት። አራቱ ስልካቸውን አላነሱም፤ ደጋግመው ቢደውሉም አላነሱም። ይህ ከነከነው።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚስቱ መልእክት ገባ። «ከሰባቱ አምስቱ ደርሰዋል። እናትየዋ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ መስኮቱ ጋ ተቀምጠዋል። ዛሬ ጫማህን ሳታወልቅ ግባ።»

ፈገግ እንዳለ ቀና ሲል ኃላፊዋ አጠገቡ ቆመዋል። የተቀደደውን ወረቀት ያያሉ። በእጃቸው ማጣበቂያ ፕላስተር ይዘዋል።

«ጠበቃው ከሰዓት በኋላ ይመጣል» አሉ ቀስ ብለው። «ስልኩን መልሰህ አስገባው። ወረቀቱን እንደነበረ ለጥፈው። ቢጠይቅም በራሱ ተላቀቀ እንለዋለን። ሴትዮዋም ሄደዋል፤ አንተም ሥራህ ላይ ነህ። በቃ፣ ይለፍ።»

ፕላስተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡለት። ደግነት እንደሆነ ገባው፤ አመሰገናቸውም። ፕላስተሩን አንስቶ ሁለቱን የወረቀት ቁራጮች በጥንቃቄ አገጣጠማቸው። ኃላፊዋ በእፎይታ ተነፈሱ።

መሳቢያው ላይ ግን አልለጠፈውም። እስክሪብቶ አነሳና ከጠበቃው ፊርማ ሥር «ዛሬ እኔ ከፍቼዋለሁ» ብሎ ጻፈ፤ ስሙን ከነአባቱ፣ ሰዓቱንም ጨመረበት። ከዚያ ወረቀቱን ሁሉም በሚያየው ቦታ፣ ጠረጴዛው ላይ ለጠፈው።

«ነገ ችሎት ሲሄዱ ይህንንም ይዘውት ይሂዱ» አላቸው። «ካስፈለገ እኔም እመጣለሁ።»

ስልኩን ወረቀቱ ላይ በጀርባው አስተኛው። ጎኑ ላይ ያለችውን ቁልፍ ተጭኖ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገው። ብዙም ሳይቆይ ጮኸ፤ ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየው። ስልክ መላሹ መልእክቱን አነበበና የመንገደኛውን ቁጥር ከመዝገቡ ፈልጎ ደወለ።