ሰባት የገባባቸው አለፉ

«ኔጋቲቭ ሰባት ይበልጣል!» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

መምህሯ ጠመኔዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ሰሌዳው ላይ የጻፈችው ሁለት ቁጥር ብቻ ነው፤ −7 እና −2። ከኋላ፣ የመጨረሻው ዴስክ ላይ፣ ምክትል ርዕሰ መምህሩ የምልከታ ቅጻቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። የስድስት ወር የሙከራ ጊዜዋ ነገ ያበቃል። ቋሚ ትሁን ወይስ ትሰናበት የሚለውም በዛሬዋ አርባ ደቂቃ ይቆረጣል።

«እስቲ ምክንያቱን ማን ይነግረኛል?»

«ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል እኮ ቲቸር!» አለች የክፍሉ እግር ኳስ ቡድን በረኛ። «ግንብ» ነው የሚሏት፤ በር ያለው ግንብ እያሉም ይስቁባታል። «ሦስት ክፍሎች እኩል ሦስት ነጥብ ነው ያለን። ኔጋቲቭ ሰባት ያላቸው ሁለተኛ ሆነው አለፉ። እኛ በኔጋቲቭ ሁለት መጨረሻ ሆነን ቀረን። ማኅተምም አለው!»

የሴቶች እግር ኳስ የምድብ ውጤት ነው፤ ጠዋት በሩ አጠገብ ተለጥፏል። ከአራቱ ክፍሎች ሁለቱ ያልፋሉ፤ ነጥብ እኩል ከሆነ የጎል ልዩነት ይታያል። ሰንጠረዡን በማስመሪያ አስምረው፣ በቀይና በሰማያዊ አሳምረው፣ ማኅተም ያሳረፉበት ምክትሉ ራሳቸው ናቸው። የታሪክ መምህር የነበሩ ሰው ናቸው። ዓመተ ምሕረት አይስቱም፤ የመቀነስ ምልክት ግን ለእሳቸው የቁጥር ጌጥ ነው። ሰባት ከሁለት ይበልጣል ብለው ከላይ ሰቀሉት። በአንድ ጨዋታ ሰባት ጎል የገባባቸው እየጨፈሩ ነው፣ በልዩነት ሁለት ጎል ብቻ የጎደላቸው እያለቀሱ ነው።

መምህሯ ይህን ጠዋት አይታዋለች። አይታም እንዳላየች አልፋለች። የአለቃን ስህተት የሚያርም ሰው መጀመሪያ ቋሚ ይሁን፣ ብላ ነበር ለራሷ።

«የኳሱን ነገር ለእረፍት እናቆየው» አለችና ሁለቱን ቁጥሮች በፍጥነት አጠፋቻቸው። በምትካቸው −8 እና −3 ጻፈች፤ ጎናቸው ረጅም ቴርሞሜትር ሳለች። «ከዜሮ በታች ስምንት፣ ከዜሮ በታች ሦስት። ከፍ ብሎ ያለው የቱ ነው?»

«ሦስቱ!»

«ለምን?»

«ለዜሮ ስለሚቀርብ!»

«ጎበዞች! አራትንና ዜሮን ጨምሩና ከትንሹ ጀምራችሁ ደርድሩልኝ።»

«ኔጋቲቭ ስምንት፣ ኔጋቲቭ ሦስት፣ ዜሮ፣ አራት!»

ልቧ መለስ አለ። ተረፍኩ ልትል ስትል ግንብ ብድግ አለች።

«ቲቸር፣ ቴርሞሜትሩ ለኳስ አይሠራም?»

የምክትሉ እስክሪብቶ ቆመ። «ተቀመጪ» ማለት ቀላል ነበር፤ ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። በመምህሯ እጅ ውስጥ ጠመኔው ቀጭ ቀጭ ብሎ ሦስት ቦታ ተሰበረ።

«ይሠራል» አለች። «ነይ፣ ራስሽ አሳዪን።»

ግንብ ወጥታ ረጅም መስመር አሰመረች። «ዜሮ ላይ ያለ ያገባውና የገባበት እኩል ነው። እኛ ሁለት ወርደናል። እነሱ ሰባት ወርደዋል። ታዲያ ጉድጓዱ ውስጥ ይበልጥ የገባው ማነው?»

«እነሱ!»

«ማለፍ የነበረበትስ?»

አርባ አንገት ወደ ኋላ ዞረ።

ምክትሉ ተነሱ። መነጽራቸውን አድርገው ሰሌዳው ድረስ መጡና መስመሩን በጣታቸው አንድ ሁለት እያሉ ቆጠሩ።

«ሦስተኛው ክፍልስ?»

«ኔጋቲቭ አምስት ነው ጋሼ። እነሱ ወዲህም ብንል ወዲያ መሃል ናቸው።»

«አሃ!» አሉና ግንባራቸውን መቱ። «ሰባት የገባባቸውን ነው ያሳለፍኩት! ታሪክ ይቅር አይለኝም። ማኅተሙን የመታሁት እኔ፣ ወረቀቱንም የማነሳው እኔ።»

ክፍሉ ፈነዳ። ዴስክ ላይ የወጣም አለ፤ መምህሯ አይታ ተወችው።

ምክትሉ በር ላይ ሲደርሱ ቀረብ አሏት። «ጠመኔውን ሦስት ቦታ ሰብረሽዋል። ይሄን ያህል አስፈራለሁ እንዴ? አይዞሽ፣ ቋሚ ነሽ። ሰንጠረዥ ስሠራ ግን ከማኅተሙ በፊት አንቺ ጋ ይመጣል።»

ከጠዋት ጀምሮ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ተንከባሎ ወረደ። ደወሉ ሲደወል ደብተሯን ሰብስባ ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ ግንብ ተከትላ ደረሰችባት።

«ቲቸር፣ ጠዋት ሰንጠረዡ ጋ ቆመው አይቼዎት ነበር። አላስተዋሉትም?»

«አላስተዋልኩም» የሚለው መልስ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ማን ያውቅባታል? ቅጹ ተፈርሟል፣ ወረቀቱ ተነስቷል።

«አስተውዬዋለሁ» አለች። «ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት።»

ልጅቷ ወዲያ ወዲህ አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እኔም ፔናልቲ ሲመቱ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ለሌሎቹ እንዳይነግሩብኝ።»

መምህሯ ሳቋ አመለጣት። ቀጣዩ ጨዋታ የሚደረግበትን ቅዳሜ ለልብስ አጠባ ነበር ያሰበችው፤ ልብሱ ይቆይ።

«ቅዳሜ ከጎሉ ጀርባ እቆማለሁ» አለቻት። «ከጨፈንሽ ግን ዝም አልልሽም።»