መሃል ላይ ያለችው ካቢን

ከሁለቱ የታመመችው የትኛዋ ናት? እናቴ ናት ወይስ አክስቴ? ይህን ሳላውቅ ነው ለሁለቱም የመርከብ ክፍል ምረጥ የተባልኩት።

ሲጀመር ነገሩ ቀላል ነበር። ውቅያኖስ ማዶ ያለችው እህቴ ልትወልድ ደርሳለች፤ እናቴ «እኔ ሳላርሳትማ ማን ሊያርሳት ነው?» ብላ ተነሣች። ጆሮዋን ቀዶ ሕክምና ካደረገች ወዲህ ሐኪሙ አውሮፕላን ስለከለከላት የቀረው መንገድ የባሕር ነው። አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ፣ «እትዬንማ ብቻዋን ለዓሣ አልሰጥም» ብላ ተከተለቻት። ሁለት ክፍል እንዲያዝ የተወሰነው በአክስቴ ማንኮራፋት ምክንያት ነው።

«እሷ አንዴ ካንኮራፋች መርከቡ ጡሩምባ የነፋ መስሎት ስንቱ ተሳፋሪ ሻንጣውን ይዞ ይወጣል» አለች እናቴ።

የጉዞ ወኪሏ የመርከቡን ንድፍ ኮምፒውተሯ ላይ ከፍታ አሳየችኝ። ክፍሎቹ እንደ ክብሪት ቀፎ ተደርድረዋል፤ አብዛኞቹ ቀይ ናቸው፣ ተይዘዋል። ለእኛ የሚሆኑ ሁለት ብቻ ቀርተዋል። አንደኛው ከመርከቡ አፍንጫ ላይ፣ ሰፊ መስኮት ያለው፣ ጠዋት ፀሐይ የሚገባው ነው። ሌላው ታች፣ መሃል ላይ፣ መስኮት የሌለው።

«ማዕበል ሲነሣ ከፍ ዝቅ የሚለው አፍንጫው ነው» አለችኝ። «መሃሉ ብዙም አይናወጥም። ይቺን ክፍል የሚጠይቁን ግን በብዛት ሕመም ያለባቸው ናቸው። የመርከቡ ክሊኒክ ከበሯ ፊት ለፊት ነው። እናንተ ጋ የታመመ ሰው አለ እንዴ?»

«የለም» አልኩ።

ቤት ሄጄ የሰማሁትን እንዳለ ነገርኳቸው። ክሊኒክ የሚለውን ቃል ስጠራ አክስቴ ብርቱካን መላጧን አቆመች። እናቴ ደግሞ ተነሥታ፣ ያልፈላ ውሃ ልታወርድ ወደ ምድጃው ሄደች። ውሃው አለመፍላቱን እኔ ከተቀመጥኩበት አይቼዋለሁ።

ትንሽ ቆይቶ በረንዳ ላይ ልብስ ስታሰጣ እናቴ ጠራችኝ።

«መሃሉን ለአክስትህ ያዝላት። እኔ እንዳልኩህ ግን እንዳትነግራት።»

«ምን ሆና ነው?»

«ምን ትሆናለች? ደረጃ ስትወጣ ትንሽ ታለከልካለች። ያን አንሶላ አቀብለኝ።»

አክስቴ ደግሞ ወጥቼ ልሄድ ስል በር ድረስ ሸኘችኝ። ሸኝታኝ አታውቅም።

«ስማ አቃቤ ሕጉ» አለችኝ፤ ጥያቄ ስለማበዛ ያወጣችልኝ ስም ነው። «መሃሉን ለእናትህ አድርገው። ከእኔ አልሰማህም።»

«እሷ ደግሞ ምን ሆነች?»

«ደከም ይላታል። በቃ፣ ችሎቱ ተበትኗል፣ ሂድ።»

የእኛን ቤት ለማያውቅ ሰው ይህ ሁለት እህቶች ሲተሳሰቡ ነው። እኔ ግን እዚያ ቤት ነው ያደግሁት። እኛ ቤት ማንም ለራሱ አይጠይቅም። እናቴ ሲበርዳት «ይህ ልጅ በረደው፣ መስኮቱን ዝጉለት» ትላለች። አክስቴ ሲርባት «እትዬ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም» ብላ ሰሃን ታመጣለች። የራስን ፍላጎት በሰው አፍ ማስገባት ነው ጨዋነቱ። እኔ ይህን ውጭ አገር ስማር ረስቼው፣ ተመልሼ በመጣሁ ሰሞን «ራበኝ» ስል ሁለቱም እየተያዩ ይስቁ ነበር።

እንግዲህ በቤታችን ደንብ ከሄድን፣ «አክስትህ ታማለች» ያለችው እናቴ ታማለች ማለት ነው። «እናትህ ደከማት» ያለችው አክስቴም እንዲሁ። ሁለቱም ታመዋል? ወይስ አንደኛዋ ለአንድ ጊዜ እውነቷን ተናግራለች?

ያን ዕለት ነው ያለፈው ሳምንት ነገር ትዝ ያለኝ። ከታክሲ ሲወርዱ አግኝቻቸው «ከየት ነው?» ስላቸው «ጎረቤት ሐኪም ቤት ተኝታ ልንጠይቅ ሄደን» ብለውኝ ነበር። የሁለቱም ክንድ ላይ፣ እጥፋቱ ጋ፣ በፕላስተር የተለጠፈ ጥጥ ነበር። የታመመ ሊጠይቅ የሄደ ሰው ደም ይሰጣል እንዴ?

በማግስቱ ጠዋት ሄጄ ፊት ለፊት ጠየቅኋቸው።

«አንዷ ስትመረመር ሌላዋ ቁጭ ብላ ከምታይ ብለን ነው» አለች እናቴ።

«ስትመረመር የነበረችው የትኛችሁ ናት?»

«እሷ» አሉ፣ እኩል፣ እርስ በርስ እየተጠቋቆሙ። ከዚያ ሳቁ። አክስቴ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔ እንባውንም ተጠራጠርኩት።

«ውጤቱስ?»

«አልደረሰም።» ይህንንም እኩል አሉት፤ በዚህኛው ግን አልሳቁም።

ከዚያ የሠራሁትን ማንም አላዘዘኝም። ገበያ ወስጃቸው ስንመለስ የሕንፃው ሊፍት ተበላሽቷል ብዬ ዋሸሁ። በደረጃ ስንወጣ ከኋላ ከኋላቸው ሆኜ ትንፋሻቸውን አዳምጥ ጀመር። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሁለቱም እኩል ቆሙ፤ ጎረቤት በር ላይ ያለ የአበባ ማሰሮ ጉድ ሆነባቸው።

«እንዴት ያለ አበባ ነው እቴ!» አለች አክስቴ። «እትዬ ትየው፣ እንዳናስቸኩላት።»

«እሷ ናት አበባ የምትወደው» አለች እናቴ።

አበባው ፕላስቲክ ነበር።

እኛ ሳንነካው ሊፍቱ በራሱ ከፍ ብሎ አለፈን፤ የበሩ መስታወት መብራት ሦስታችን ፊት ላይ አረፈ። እናቴ ዞራ አየችኝ። ከዚያ ወዲያ እኔን ቀድማ መውጣት አልፈለገችም፤ «አንተ ከፊት ሁን» አለችኝ።

ወኪሏ ክፍሎቹን የያዘችልኝ እስከዚያ ቀን ከሰዓት ብቻ ነበር። ደወልኩና መሃሉን በእናቴ ስም አስያዝኩ። ማስረጃ አልነበረኝም። ብሳሳት እንኳ ለእናቴ ብዬ ልሳሳት ብዬ ነው፤ ይህን ለወኪሏ አልነገርኳትም፣ እሷም አልጠየቀችኝም።

ሲሰሙ አክስቴ «ጎሽ!» አለችና ትከሻዬን መታችኝ። እናቴ ደግሞ «ይሁና» ብላ ፈገግ አለች፣ ነገሩ ያለቀለት የመሰለኝ በዚያ ፈገግታ ነው።

የሄዱ ዕለት ወደቡ ሰው በሰው ነበር። የክፍላቸውን መክፈቻ ካርዶች ከነስማቸው ተሰጡ። ተሰነባብተን ከአጥሩ ወዲህ ቀረሁ፤ እነሱ ወደ መርከቡ የሚያወጣውን መሸጋገሪያ መውጣት ጀመሩ። ሽቅብ ነው። ወገቡ ላይ ሲደርሱ እናቴ ካርዷን አወጣችና አክስቴ ኪስ ውስጥ ከተተችው። አክስቴ አወጣችና መለሰችላት። እናቴ እንደገና ሰጠቻት። ከኋላ ያሉት ተሳፋሪዎች መንገድ ተዘጋባቸው፤ አንዱ መርከበኛ መጥቶ በትሕትና እጁን ወደ ላይ ዘረጋላቸው። ሁለቱም ክንድ ለክንድ ተያያዙ። ማን ማንን እንደደገፈ ከኋላ ሲያዩት አይታወቅም። ካርዱ መጨረሻ ላይ ማን ጋ እንደቀረ ሳላይ በሩ ዋጣቸው።

«እማዬ!» ብዬ ጮህኩ። የጮኸው ሰው ብዙ ነበር።

መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ስልኬን አወጣሁ። «የትኛው ክፍል ገባሽ?» ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት፤ «እሷ ናት የገባችው» እንደምትለኝ አውቃለሁ። «ታመሻል ወይ?» አልኩ፤ እሱንም አጠፋሁት። ስንት ዓመት የተማርኩት ፊት ለፊት መጠየቅ እዚህ ቤት በር አይከፍትም። ስለዚህ እንደ ቤታችን ልጅ አድርጌ ጻፍኩላት፦

«እማዬ፣ አክስቴን አደራ። ደህና ናት አይደል?»

መልእክቱ ደረሰ። ትንሽ ቆይቶ መነበቡን የሚያሳየው ምልክት ሰማያዊ ሆነ። «እየጻፈች ነው» የሚለው ብቅ አለ፤ ጠፋ፤ ደግሞ ብቅ አለ። የመርከቡ ጡሩምባ ሲነፋ ዓይኔን ለአፍታ ከስልኩ አነሣሁ። ስመለስ ጽሑፉ የለም።

መርከቡ የአጥሩን ጫፍ አልፎ እስኪሰወር ቆምኩ። ከዚያ በኋላም ቆምኩ። መልስ አልመጣም።