የተላጠው ኮፈን

“አፈሩ ይቅለላቸውና፣ በስተርጅና ቁጭ ብለው አላረፉም እኮ፤” አለች የጎረቤት ሴትዮ፣ የሻይ ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ይዛ። የምታንሾካሽክ መስሏታል፤ ድምፅዋ ግን ከሳሎን እስከ ጓዳ ይሰማል። “ልጃቸው መኪናዋን እየወሰደች ጭቃ በጭቃ አድርጋ ትመልሳታለች። እሳቸው ጎንበስ ቀና እያሉ ያጥባሉ። በነጋታውም ያው ነው። የሰው ቤት ሠራተኛ እንኳ እንዲህ አይደረግም።”

“ተይ፣ ትሰማሻለች፤” አለቻት አጠገቧ የተቀመጠችው።

“ትስማኛ! ያላየሁትን አላወራሁ።”

ልጅቷ ሰምታለች። ልጅቷ ይሏታል እንጂ ጸጉሯ ሸበት ጣል አድርጎበታል፤ ድሮ ያስተማረቻቸው ሕፃናት ዛሬ የራሳቸውን ልጆች እያመጡ ያስመዘግቡላታል። ትሪውን እንደያዘች ከበሩ ጀርባ ትንሽ ቆመችና ፊቷን አስተካክላ ገባች።

“ልጨምርልሽ?” አለቻት ሴትዮዋን።

“አይ የኔ እናት፣ በቃኝ። እግዜር ያጥናሽ፤” አለች ሴትዮዋ፣ አፏ ማር ሆኖ።

አስተማሪዋ ባዶ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወጣች። አባቷ ከተቀበረ ወዲህ እግሯ አላረፈም። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል፣ ወንበር ይጎድላል፣ ስኳር ያልቃል። ማልቀሻ ጊዜ እንኳን አላገኘችም፤ የሚያለቅሱት እንግዶቹ ናቸው። ጓዳ ገብታ ብርጭቆዎቹን ውኃ ውስጥ ስትነክር ከኋላዋ ኮቴ ሰማች። ታላቅ ወንድሟ ነው። ሳሎን ጥግ ላይ ተቀምጦ ስለነበር የሴትዮዋን ወሬ እሱም አንድ ሳይቀረው ሰምቷል።

“ነገ ጠዋት ቀለም ቀቢ ይመጣል፤” አላት። “የመኪናዋን ኮፈን ሙልጭ አድርጎ ይልጥና እንደ አዲስ ይቀባዋል። ከዚያ መኪናዋን ይዣት እሄዳለሁ።”

“ለምን ትቸኩላለህ ወንድም ጋሼ? ለቀስተኛው እንኳን ይውጣ።”

“ለቀስተኛው ሲገባም ሲወጣም እሱን እያየ አይደል እንዴ? የአባዬ መኪና ናት ይቺ? ሰው ምን እንደሚል ሰምተሻል።”

“ሰምቻለሁ።”

“እና ውሸት ነው በይኝ።”

ውሸት አልነበረም። ጎረቤቷ ያየችውን ነው የተናገረችው። አስተማሪዋ ወደ ብርጭቆዎቹ ስትመለስ ወንድሟ ራሱን ነቅንቆ ወጣ።

ወንድሟ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ዓመት እስከ ዓመት መንገድ ላይ ነው የሚኖረው። ለቀብሩ ሲደርስ ገና የጉዞ አቧራውን ሳያራግፍ ዓይኑ ግቢው ውስጥ የቆመችው ሰማያዊ መኪና ላይ አረፈ። ኮፈኗ መሐል ላይ ቀለሙ የለም። ትሪ የሚያህል ቦታ ተልጦ ብረቱ ወጥቷል። ቀና ብሎ እህቱን አያት። ከዚያ ወዲህ እንግዳ በሸኘ ቁጥር መኪናዋን እየዞረ ያያታል።

አይፈረድበትም። አባታቸውን ሰፈሩ “አባ ወልውል” ነበር የሚለው። ዕድሜውን ሙሉ የመሥሪያ ቤት ሹፌር ሆኖ የሰው መኪና ሲወለውል ኖሮ ጡረታ ሲወጣ ይቺን አሮጌ መኪና ገዛ፤ ከገዛት ጀምሮም ዝንብ እንኳን አላሳረፈባትም። ሲያጥብ ከጣሪያ ጀምሮ ወደ ታች ነው። የጎማው ስፖንጅ ገላዋን አይነካም፣ የገላዋ ስፖንጅ ጎማ አይነካም። ፀሐይ ላይ የቆመች መኪና አያጥብም፤ አቧራ ያለበትን ቀለም በደረቅ ጨርቅ የሚያሽ ሰው ካየ ፊት ለፊት ይሰድባል። ልጆቹ ማንበብ ሳይለዩ የጎማ ንፋስ መለካት ለይተዋል። ወንዱ ሹፌር የሆነው ከሱ ተምሮ ነው።

እህትየው አንድ ነገር ብትናገር የኮፈኑ ነገር እዚያው ያልቅ ነበር። ግን ላትናገር ቃል ሰጥታለች፣ ያውም ለአባቷ።

ያን ቀን ከሐኪም ቤት ሲመለሱ መሪውን የያዘው እሱ ነበር። ሐኪሙ ጥያቄ ሲያበዛበት ተናዶ፣ “እኔ ደህና ነኝ፣ ያረጀው ሐኪሙ ነው” እያለ ሲያስቃት መጣ። አንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲደርሱ አረንጓዴ በራ። አልተንቀሳቀሰም። ከኋላ ጥሩምባው ቀለጠ።

“አባዬ፣ ሂድ እንጂ።”

“ወዴት?” አላት።

በዚያ መንገድ ላይ ስንት ዓመት ነድቷል። ፊቱን ስታየው ደነገጠች፤ አባቷን ፈርቶ አይታው አታውቅም። መኪናዋን ዳር አስያዘችው፤ ሞተሩን አጠፋና ቁልፉን ነቅሎ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

“ካሁን በኋላ አንቺ ንጂ። ለወንድምሽ ግን እንዳትነግሪው።”

“ልጅህ አይደለም እንዴ?”

“ልጄ ስለሆነ ነዋ! እሱ መሪ ሲይዝ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ የምቆጣው ነው የሚመስለው። አባትህ ቤቱ ጠፋው ሲሉት ሐሳቡ ይበተንና ገደል ይገባብኛል። በይ፣ ቃል ግቢልኝ።”

ገባች። ከዚያ በኋላ ወንድሟ ስልክ ሲደውል ከአባቷ አጠገብ ተቀምጣ መልሱን በሹክሹክታ ታቀብለው ጀመር። የልጅ ልጆቹን ስም ታቀብለዋለች፤ ቀኑን ታቀብለዋለች። እሱም እንደ በቀቀን ይደግማል። ያላቀበለችው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱን ራሱ አይረሳውም። “ዘይት ለወጥክ?” ይለዋል ልጁን።

“ምነው የአባትሽን መኪና ለወንድምሽ ብትለቂለት?” አለቻት አክስቷ ማምሻውን ወንበር ሲደራርቡ። አክስቷ የአባቷ ታናሽ እህት ናት፤ በሽታውን አታውቅም። “ወንድ ልጅ ነው፣ ይውሰዳት። አንቺ በወጉ አልያዝሻትም።”

“ይውሰዳት አክስቴ። ኮፈኑን ብቻ አይንካው ነው የምለው።”

“የተላጠ ብረት ምን ይሠራልሻል?”

አስተማሪዋ ሌላ ወንበር አነሳች። ደክሟታል። ወንበር እያነሳች ወንበር ላይ ስትደርብ ያ የመጀመሪያው ጭቃ ትዝ አላት።

በአጋጣሚ ነው የጀመረው። አባቷ በዚያ ሰሞን ከክፍል ክፍል ሲዞር ይውል ነበር። ምን ፈልገህ ነው ሲሉት አያውቀውም። መሳቢያ ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ እንደገና ይከፍታል። ማታ አይተኛም፤ ምግብ ሲሰጡት ልጅቷን “እሜቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ” ይላታል፤ ማን እንደሆነች ጠፍቶበታል። አንድ ቀን ዝናብ ጥሎ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መኪናዋ እስከ መስታወቷ ጭቃ ለብሳ ገባች። አባቷ በረንዳው ላይ ቆሞ ነበር።

“አንቺ ልጅ!” ብሎ ጮኸ። “ይቺን መኪና በቁሟ ቀበርሻት እኮ! መንገድ አጣሽ? ምን ዓይነት ነጂ ነሽ?”

“አንቺ ልጅ” ማለቱ ነው እንባዋን ያመጣው። እጁ ባልዲውን ማንም ሳያሳየው አገኘው። ከጣሪያ ጀመረ፣ መስታወቱን፣ ጎኖቹን፣ በመጨረሻ ጎማውን በሌላ ስፖንጅ። አንድም አላዛነፈም። ማታ ራቱን ጠርጎ በላ፤ ድብን ብሎ ተኛ።

በነጋታው ፀሐይ ወጣ። አስተማሪዋ ደግሞ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ቤቷ በግራ እያለ ወደ ቀኝ ታጥፋ ጭቃ ፍለጋ ሄደች። ሰው ጭቃ ሲሸሽ እሷ ታሳድደው ጀመር። ከከተማው ዳር ከባድ መኪኖች ድንጋይ የሚያመላልሱበት ጥርጊያ መንገድ አለ፤ እዚያ ኩሬ መርጣ ትገባለች፤ በጋ ሲሆን አቧራው ላይ ራሷ ውኃ ትደፋና ትነዳበታለች። የድንጋይ ጫኞቹ መጀመሪያ አብዳለች አሉ፣ ኋላ ለመዷት። አባቷ በመጣች ቁጥር ይሳደባል፣ በተሳደበ ቁጥር ልጁ መሆኗን ያውቃል።

ችግሩ ከታጠበች በኋላ ነው። ፖሊሹን ሁልጊዜ ከኮፈኑ ይጀምራል። ኮፈኑን ጨርሶ ወደ በሩ ሲዞር ኮፈኑን መሥራቱን ይረሳዋል፤ ይመለስና እንደገና ከኮፈኑ ይጀምራል። እንዲህ እያለ ቀለሙን አልፎ ብረቱ ላይ ደረሰ። ወደ ኋላ ያለው ገላዋ ግን አንድም ቀን ተራ አልደረሰውም።

ጠዋት ወንድሟ ከእንግዶቹ ቀድሞ ግቢ ወጥቶ ነበር። ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩ ላይ አጎንብሷል።

“ቀለሙ እንዲህ ከሆነ ሞተሩማ ምኑ ቀርቶ ይሆን?” አላት ስትመጣ። “ዘይቱ ሬንጅ ሆኖ ነው የሚጠብቀኝ።”

“ወንድም ጋሼ፣ በጠዋት አንጣላ።”

“ማን ተጣላ? አባቴን መኪና አጣቢ አድርገሽው ሞተ፤ እኔ ምን ብዬ ልጣላሽ?”

የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘ። በጨርቅ ጠረገው፣ መልሶ ነከረው፣ መዘዘ። ወደ ብርሃኑ ያዘው። ዘይቱ ከቆርቆሮው አሁን የተቀዳ ይመስል ጥርት ያለ ነው።

“ይሄ መቼ ነው የተለወጠው?”

“ሊያርፍ ሰሞን።”

“ከዚያ በፊትስ?”

“ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት።”

“ትቀልጃለሽ?”

“ከዚያም በፊት ባለው ሳምንት። ልቀጥልልህ?”

ወንድሟ ዘንጉን እንደያዘ ቀረ። በሳምንቱ ዘይት የሚለውጥ ጤነኛ ሰው እንደሌለ ሹፌር ያውቃል። አስተማሪዋ ፊቱን አየችና ቃሏን አሰበች። አባቷ ዝም በይ ያላት በልጁ ዓይን እንዳያንስ ነው። አሁን ደግሞ በዝምታዋ ምክንያት ያው ልጁ አባቱን የሰው ጭቃ ሲጠርግ የሞተ ምስኪን አድርጎ ሊቀብረው ነው። መንገድ ላይ የሚበተን ሐሳብ ካለም ይኸው፣ ልጁ ቆሟል፤ መሪ አልያዘም።

“መለወጡን እየረሳ ነው፤” አለችው። “አባዬ ታሞ ነበር።”

ሁሉንም ነገረችው። መስቀለኛ መንገዱን፣ ስልኩን፣ ጭቃውን። አንድ ጊዜ የታችኛውን የዘይት ማፍሰሻ ቡሎን ሳይመልስ አዲሱን ዘይት መሬት ላይ እንዳፈሰሰው፣ ከዚያ ወዲህ ከመኪናው ሥር ገብታ ቡሎኑን የምታጠብቀው እሷ እንደነበረች ነገረችው። ጎልማሳው ሹፌር መጀመሪያ ደሙ ፈላ።

“እኔ ማን ነኝ? ጎረቤት ነኝ? ለእኔ አይነገረኝም?”

“ገደል ይገባብኛል ብሎ ነው።”

“ባለፈው ስደውል…” አለና ቆመ። “ዘይት ለወጥክ አለኝ። ለውጫለሁ አልኩት። ዘይት ለወጥክ አለኝ። ደጋግሞ ሲለኝ፣ አባዬ አታድርቀኝ ብዬ ዘጋሁበት። የመጨረሻዬ ነው እኮ።”

“አጠገቡ ነበርኩ። ስልኩን አስቀመጠና፣ ‘ልጄ ዘይቱን ለውጧል፣ ጎበዝ ነው’ አለኝ። ደስ ብሎት ነው የዋለው።”

ወንድሟ ኮፈኑን ቀስ ብሎ ዘጋው። ስልኩን አውጥቶ ቀለም ቀቢው እንዳይመጣ ነገረው፤ ምክንያቱን ሲጠይቀው “ይቅር ብያለሁ” ብቻ አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የተላጠውን ቦታ አየው። የሰሞኑ ጤዛ ብረቱ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ጥሎበታል። የሚወለውለው ሰው ስለሌለ ዝገቱ ጀምሯል።

“ዝም ካልነው ይበላዋል፤” አላት።

“እንዳይቀባ እንጂ።”

“አይቀባም።”

ዘንጉ ጫፍ ላይ የቀረችውን ዘይት በጣቱ ተቀበለና ነጠብጣቡ ላይ አሳረፋት። በክብ በክብ ያሽ ጀመር፤ ሌባ ጣቱ አልበቃ ሲለው በመዳፉ። እህቱ አጠገቡ ቆማ ታየዋለች።

የግቢው በር ተከፈተ። የጎረቤት ሴትዮ ቀድማ ገብታ “እንዴት አደራችሁ? እግዜር ያጥናችሁ፤” እያለች እጇን ዘረጋችለት። ሹፌሩ መዳፉን አየው፤ ዘይት ነው። መዳፉን ሸሽጎ የእጁን አንጓ ዘረጋላት። እሷም አንጓውን ያዘች። ምን እንደነካው ሳታውቅ ያ ግንባሩን ሳያጥፍ የከረመ ሰው እጁን እዚያው እንደተወላት እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ሴትዮዋ ግራ ገብቷት ወደ አስተማሪዋ ዞረች። አስተማሪዋ ግን እጅጌዋን ሰብስባ ኮፈኑ ላይ ጎንበስ ብላለች፤ ዘይቱ ሳይደርቅ ወንድሟ ካቆመበት ቀጠለች።