የፎቶ አንሺዋ ፎቶ

ዳቦ ጋጋሪዋ ከበሩ እንደገባች ጠረጴዛው ላይ የቆመውን ፎቶ አየችና ወደ ኋላዋ ተመለሰች። የሟች ታናሽ እህት ሮጣ ደረጃው ላይ ክንዷን ያዘቻት።

«ይቅርታ እህቴ፣ ቤት ተሳሳትኩ መሰለኝ» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የፎቶ አንሺዋ ለቅሶ እዚህ አይደለም?»

«እዚሁ ነው።»

«ታዲያ ያቺ ሴትዮ ማን ናት?»

ያቺ ሴትዮ ራሷ ሟቿ ነበረች። ታላቅ ወንድማቸው ጋሼ ከመታወቂያዋ ላይ አስነስቶ ያስጎላው ጉርድ ፎቶ ነው። ሲጎላ ፊቷ አብጦ፣ ዓይኗ ፈዞ፣ ዶሮ ሰርቃ እጅ ከፍንጅ የተያዘች መስላለች። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስታሳምር ኖራ ለራሷ ደህና ፎቶ የላትም፤ ሁሌ ከካሜራው ጀርባ ናታ!

አንድ ግን ነበራት። ታናሽየዋ ከስቱዲዮው ውስጠኛ ክፍል አውርዳ፣ በአንሶላ ጠቅልላ ለለቅሶው አምጥታው ነበር። ጋሼ አንሶላውን ገለጥ ሲያደርግ ራቁት ትከሻ አየ። ከዚያ በታች አላየም። እሳት እንደነካው ሰው እጁን ሰብስቦ ፎቶውን ጓዳ አስገባና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረው። ታናሽየዋ ልብስ ሰፊ ናት፤ ስትናደድ መርፌ በአፏ የያዘች ይመስል ከንፈሯን ትገጥማለች። ያኔም ገጠመች።

ለቀስተኛው ግን አፉን አልገጠመም። የሴት ገላ ታነሳ ነበር አሉ፣ ከስቱዲዮዋ መጋረጃ ወዲያ ጉድ ነበር አሉ፤ ወሬው ከሻዩ ቀድሞ በየወንበሩ ይዞራል። ሁሉም ሰማሁ ይላል እንጂ አየሁ የሚል አልተገኘም።

ከመጋረጃው ወዲያ የነበረውን ታናሽየዋ ታውቃለች። የሚመጡት ኑሮን ያዩ ሴቶች ነበሩ፦ ወልደው ሆዳቸው የተሸበሸበ፣ ጡረታ የወጣች አስተማሪ፣ ይቺው ዳቦ ጋጋሪ። ፎቶ አንሺዋ ሰፊ ቀሚስ ለብሳችሁ ኑ፣ ቀበቶም ላስቲክም አይንካችሁ ትላቸዋለች፤ ላስቲክ ገላ ላይ የሚተወው መስመር ቶሎ አይለቅም። ረስታ ጠበቅ ያለ የለበሰች፣ አንሶላ ተከናንባ ሻይ እየጠጣች መስመሩ እስኪጠፋ ትቀመጣለች። ካሜራው ከመነሳቱ በፊት ግን ግድግዳው ላይ ያለውን የራሷን ፎቶ ታሳያቸዋለች። «እኔ ያላወለቅሁትን አውልቂ አልልሽም» ነበር ንግግሯ። ዳቦ ጋጋሪዋ ምድጃ የለበለበው ክንዷ እንዳይታይባት ስትለምን፣ መብራቱን እዚያው ክንድ ላይ አዞረችው። ሴትየዋ ፎቶዋን ስታይ፣ ይሄን የመሰለ ክንድ ይዤ ነው እንዴ በሙቀት እጅጌ የማስረዝመው ብላ ሳቀች።

«እኔ ያቺን ፎቶ አይቼ ነው የደፈርኩት» አለች አሁን ደረጃው ላይ። «ሌሎቹም ከሰዓት ይመጣሉ። ይቺን ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ግን አያውቋትም።»

ታናሽየዋ ወደ ጓዳ ገባች። ጋሼ ተከትሏት ገባና በሩን ዘጋ።

«እሺ፣ ከአንገቷ በላይ ይቆረጥ» አለ፣ እንደ ትልቅ እርቅ። «አንቺ እንደሁ መቀስ አታጪም።»

«መቀሱስ መች ይጠፋል? መጀመሪያ ግን እየው።»

«እህቴ እኮ ናት!»

«እህትህ ስለሆነች ነው እይ የምልህ።»

ፎቶውን ዞር አደረገችው። ፎቶ አንሺዋ ወገቧ ላይ ነጭ ጨርቅ ጣል አድርጋ፣ ትከሻዋን ቀና አድርጋ ተቀምጣለች። ብርሃኑ በጎን ነው የሚመጣው። አንድ ጡቷ አለ። ሌላው በነበረበት፣ ከብብቷ እስከ ደረቷ መሃል፣ የስፌት መስመር ተጋድሟል። እሷ ደግሞ ትስቃለች። ካሜራውን የያዘችው ታናሽየዋ ነበረች፤ ቁልፉን መጫን ሲያቅታት ጊዜ «አንቺ ልብስ ሰፊ አይደለሽ? ይልቅ ስፌቱን እይልኝ፣ አበላሽቶታል እንዴ?» ብላት ነው ሁለቱም የሳቁት።

ጋሼ ጎንበስ ብሎ ስፌቱን በዓይኑ ተከተለ።

«መቼ ነው ይሄ?»

«ልጅህን የዳርክ ሰሞን።»

ለዚያ ሠርግ ፎቶ አንሺዋ ሥራ ይዞኝ ሌላ ከተማ ነኝ ብላ ቀርታ ነበር። ጋሼ፣ ለባዳ ሠርግ ካሜራ ተሸክማ ስትዞር ለወንድሟ ልጅ ጊዜ አጣች ብሎ አኮረፈ። እስክትሞት ድረስ ደጃፏን አልረገጠም። ስትሞትም የነገሩት ሳንባዋን ነው ብለው ነው።

«ለምን አልነገረችኝም?»

«ሠርጉ ለቅሶ እንዳይሆንብህ። ኋላማ አኩርፈህ፣ በየት በኩል ትንገርህ?»

ጋሼ የጓዳው አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ሰው ምን ይላል ሊል አፉን ከፈተና ተወው። ታናሽየዋ ግን የሚለው ገብቷታል።

«ያሉትን እያሉ ነው ጋሼ። ያውም ሳያዩ። እኔ ይዣት ልወጣ ነው።»

ፎቶውን አቅፋ ወጣች። በወንበሮቹ መሃል አንገቷን ሳትደፋ አለፈች፣ ጉርዱን አነሳች፣ እህቷን በቦታዋ አቆመች። ሻይ እፍ የሚል እንኳ ጠፋ። ዳቦ ጋጋሪዋ ከፊት ያለውን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«አዎ፣ እሷ ናት» አለችና ያኔ ገና አለቀሰች።

ከሰዓት ሌሎቹ ሴቶች መጡ። ከመስኮቱ የገባችው ፀሐይ የፎቶው መስታወት ላይ አርፋ ታንጸባርቃለች፤ አንገታቸውን ወዲያ ወዲህ ቢያደርጉም ከብርሃን በቀር የሚታይ የለም። በዚህ መሃል ጋሼ ከጓዳ ወጣ። ወሬኞቹ፣ አሁን ፎቶውን ያወርደዋል ብለው ተጠባበቁ። ታናሽየዋ ጠረጴዛው አጠገብ ሄዳ ቆመች፣ ከንፈሯን ገጥማ።

ጋሼ ፎቶውን አየ፣ መስኮቱን አየ። ሄዶ በሁለቱ መሃል ቆመና ሰፊ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጠ። ጥላው መስታወቱ ላይ ሲያርፍ የፎቶ አንሺዋ ሳቅ ብቅ አለ። አንዱ ተነስቶ ወንበር አቀረበለት።

«ይቅር» አለ ጋሼ። «ከተቀመጥኩ አትታይም።»

ፀሐይዋ ስትዞር እሱም አብሯት ትንሽ ትንሽ ዞረ።